የጥንት እጀታ ለዛሬ ቢላዋ፦ የቱን ቅርጽ፣ ከምን የተሠራ?

የዛሬ ሦስት ዓመት ሐረር አንድ ቀጥቃጭ ዘንድ የባሌስትራ (የመኪና ሞላ ብረት) ቢላዋ አሠራሁ። ስለቱ 15 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ግሩም ሆኖ ወጣ። እጀታውን ግን ራሴ ልሥራው አልኩ። የሮማውያንን ጎራዴ ፎቶ አይቼ በጣም ወድጄው ስለነበር ድሬዳዋ ቶርኖ ቤት ሄጄ 30 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የነሐስ ኳስ አስቀረጽኩና በወይራው እጀታ ጫፍ ላይ ገጠምኩት። ሲያዩት ያምራል። ሲይዙት ግን መዶሻ የጨበጡ ነው የሚመስለው። ሥጋ ላይ ሳሳርፈው ጫፉ ወደ ላይ ይነሳል፣ ክብደቱ ሁሉ ወደ ክርኔ ይጎትታል። በኋላ ስመዝነው ኳሱ ብቻውን 120 ግራም ሆነ። ስለቱ ራሱ መቶ ግራም አይሞላም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ እጀታ ሠርቻለሁ፣ የሚያሠሩ ሰዎችንም አማክሬያለሁ። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። የቱ ያምራል? የቫይኪንግ ይሻላል ወይስ የሮማ? ቀንድ ይሁን ወይስ ነሐስ? እኔ ደግሞ መልሼ ቢላዋው ምን ሊሠራ ነው እላለሁ። የጥንት ባለእጆች ጉልላቱን እንዲያ ያደረጉበት ምክንያት ነበራቸው። ምክንያቱ ለእናንተም ቢላዋ የሚሠራ ከሆነ ቅርጹን ውሰዱ። ካልሆነ ይቅርባችሁ።

በሁለት ቃል እንግባባ። ጉልላት የምለው በእጀታው መጨረሻ ላይ ያለውን እብጠት ወይም ክዳን ነው፣ ቤት አናት ላይ እንደሚቀመጠው። ጅራት የምለው ደግሞ ከስለቱ ቀጥሎ እጀታው ውስጥ የሚገባውን ብረት ነው።

በምን እንመዝናቸው?

አንደኛው ሚዛን ነው። ጉልላት ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ ረጅም ስለት ወደ ፊት እንዳይደፋ ከኋላ መጎተት ነው። ስለት ሲያጥር ይህ ሥራ ይቀንሳል። የእኔን ቢላዋ አስልቼው ነበር። ስለቱ ወደ 95 ግራም፣ የወይራው እጀታ ከነጅራቱ ወደ 80 ግራም ነው። ያለ ጉልላት ሚዛኑ የሚያርፈው ከእጀታው አፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ስለቱ አልፎ ነው። ወደ አፉ ለመመለስ ከኋላ 20 ግራም ብቻ ይበቃው ነበር። 70 ግራም ብናደርግበት እንኳ ሚዛኑ መዳፍ ውስጥ ይገባል፣ ስለቱም የላባ ያህል ይቀላል፣ ለመቁረጥ ደግሞ ይህ ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ስለቱ ከ20 ሴንቲ ሜትር ለሚያንስ ቢላዋ ከባድ የብረት ጉልላት አያስፈልግም። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ከብዙ ወጪ ትድናላችሁ።

ሁለተኛው እጅ እንዳያዳልጥ መያዙ ነው። እዚህ ላይ ጉልላት ለትንሽ ቢላዋም ይጠቅማል። ጮማ የሚቆርጥ እጅ ቅባት በቅባት ነው። ቢላዋውን ወደ ራሳችሁ ስትስቡ ትንሿ ጣት የምትደገፍበት ነገር ካለ እጅ ዘና ይላል፣ ጨምድዶ መያዝ ይቀራል።

ሦስተኛው የእጃችሁ ልክ ነው። መዳፋችሁን ከአውራ ጣት በታች ካለው ጎን እስከ ትንሿ ጣት ጎን በማስመሪያ ለኩና 2 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። የእጀታው ርዝመት እሱ ነው፣ ለብዙ ሰው ከ11 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ሌላው ደግሞ ወገቡ ነው፣ ማለትም እጀታው በመሐል ቢቆረጥ የሚታየው ቅርጽ። ክብ ከሆነ እጅ ውስጥ ይዞራል። እንቁላል መሳይ ከሆነ ስለቱ ወዴት እንደዞረ ሳታዩት እጃችሁ ያውቀዋል።

አራተኛው የአገራችን አየር ነው። ሐረር 1885 ሜትር ላይ ነው፣ ድሬ ወደ 1200 ሜትር። በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፣ ግን ደንገጎን ስትወርዱ ሙቀቱ ፊታችሁን ሲመታችሁ እንጨቱንም ቀንዱንም እንደሚመታው አስቡ። ሐረር ላይ ልክክ ብሎ የገጠመ እጀታ ድሬ ከርሞ ሲደርቅ ይሸሻል፣ እንጨቱን ከብረቱ ጋር በሚይዘው ችንካር፣ በሪቬቱ ዙሪያ ክፍተት ይታያል። እኔ ለድሬ የምሠራውን ቁራጭ ድሬ ላይ አቆይቼ ነው የምሠራው።

ከዚህ ሌላ የመታጠቡ፣ የመጠገኑና የገንዘቡ ነገር አለ። እየሄድን እናነሳዋለን።

የሮማ ኳስ

ፖምፔ የሚባለው ዓይነት ጎራዴ ስሙን ያገኘው በ79 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) እሳተ ገሞራ ከቀበራት ከተማ ነው። ስለቱ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እጀታው ብዙ ጊዜ ከአጥንት ወይም ከእንጨት ይሠራል፣ ለአራት ጣት አራት ጉድጓድ አለው፣ ከላይ ክብ ጉልላት ይቀመጥበታል። እኔን ያሳተኝ ይሄ ክቡ ነው። ነሐስ ይመስለኝ ነበር። የሮማውያን ኳስ ግን በአብዛኛው እንጨት ወይም አጥንት ነበር፣ ቀላል። ወታደሩ ወግቶ መልሶ ሲስብ እጁ ሾልኮ እንዳይወጣ ነው የሚይዝለት። ሚዛን መጠበቅ ዋና ሥራው አልነበረም።

ይህን ካወቅኩ በኋላ ያንን ነሐስ አውልቄ በዚያው ልክ ከወይራ ቀረጽኩት። ክብደቱ ከ120 ወደ 13 ግራም ወረደ። ቢላዋው ተመልሶ ቢላዋ ሆነ።

ስለዚህ የሮማ ቅርጽ ለወጥ ቤትም ለሥጋም ይሆናል፣ ኳሱ ከእንጨት፣ ከአጥንት ወይም ከቀንድ እስከሆነ ድረስ። ስፋቱን ከ25 ሚሊ ሜትር አታሳልፉ፣ ያለዚያ ጠረጴዛ ላይ ስትቆርጡ እጀታው ጣውላውን እየነካ ያስቸግራል። የጣት ጉድጓዶቹ ላይ ግን እጠነቀቃለሁ። ለራሳችሁ እጅ ከሆነ ድንቅ ናቸው። ለስጦታ ከሆነ ወይም ቤት ውስጥ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ ተዉት። የእኔ እጅ ትልቅ ነው፣ እህቴ የእኔን ስትይዘው ሁለት ጣቷ ጉብታው ላይ ነው የሚያርፈው።

የቫይኪንግ ባለ ጉብታ

ከ8ኛው እስከ 11ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ የሰሜን አውሮፓ ጎራዴዎች ሦስት ወይም አምስት ጉብታ ያለው የብረት ጉልላት ነበራቸው፣ አንዳንዱ በብርና በመዳብ ሽቦ ተለብጦ። ያን ፔተርሰን የሚባል የኖርዌይ ሰው በ1919 እነዚህን ጎራዴዎች በየዓይነቱ ሲመድብ የተጠቀመው በእጀታቸው ቅርጽ ነው። ስለቱ ከአገር አገር ይመሳሰላል፣ እጀታው ግን ይለያያል። ዛሬም እንዲያው አይደል? አንድ ባሌስትራ የአስር ሰው ቢላዋ ይሆናል፣ የሚለያየው እጀታው ነው።

ስለቱ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ያ የብረት ጉልላት በእርግጥ ሚዛን ይጠብቃል። ለቢላዋ ግን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ሌላም ችግር አለበት። የጎራዴው እጀታ አጭር ነው፣ መዳፍ እጅን ከስለቱ በሚከልለው መከታና በጉልላቱ መሐል ተጨናንቆ ይቀመጣል። እዚያ ሰው በክንዱ ነው የሚመታው። ወጥ ቤት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሽንኩርት ስትከትፉ ያ የጉልላቱ ጠርዝ መዳፋችሁን ሥር ሥሩን ይፈገፍገዋል።

ከወደዳችሁት እንዲህ አድርጉ። ሦስት ጉብታ ብቻ ይሁን፣ ከፍታው ከ10 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፣ የታችኛው ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ይክበብ። ከቀንድ ከተሠራ ጉብታዎቹ ሲለሰልሱ በጣም ያምራሉ። ወደ ውጭ ለሚወጣ፣ ገመድ ለሚቆርጥ፣ እንጨት ለሚጠርብ ሰው ጥሩ ነው። ለዕለታዊ ወጥ ቤት አልመክረውም።

የፈርዖኑ ጩቤ

የግብፁ ፈርዖን የቱታንክሃመን አስከሬን ላይ የተገኘው የብረት ጩቤ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መቃብሩ በ1922 ተገኘ፣ ጩቤው ደግሞ በ1925 አስከሬኑ ሲፈታ። ብረቱ ከሰማይ የወረደ መሆኑ በ2016 በወጣ ጥናት ተረጋግጧል፣ ኒኬሉ ወደ 11 በመቶ ይደርሳል። እጀታው ወርቅ ነው፣ ጉልላቱ ደግሞ እንደ ውሃ የጠራ ድንጋይ፣ ማለትም ኳርትዝ።

ይሄ ለእይታ የተሠራ ነው፣ እኛም ለእይታ ብቻ እንውሰደው። ለሠርግ ስጦታ፣ ሳሎን ለሚሰቀል፣ ለዚያ ግሩም ሐሳብ ነው። እጀታውን በቀጭን የነሐስ ቆርቆሮ ማልበስና ጫፉ ላይ ድንጋይ ማስቀመጥ የሐረር አንጥረኞች እጅ የሚችለው ሥራ ነው፣ የብር ጌጥ የሚሠራ ሰው ድንጋይ ማቀፍ ያውቃል።

አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። የወሎን ኦፓል ጉልላት ላይ አታስቀምጡ። ብዙ ሰው ያምርብኛል ብሎ ያስባል፣ ያምራልም። ግን የወሎ ኦፓል ውሃ ይመጥጣል፣ ዘይትም ይመጥጣል፣ መልኩ ይለወጣል፣ ሲወድቅም ይሰነጠቃል። ድንጋይ ካስፈለገ ኳርትዝ ወይም አጌት ይሁን፣ እነሱ ጠንካራ ናቸው።

ከባሕር ማዶ፦ የየመን ጃምቢያ

ጃምቢያ፣ ወገብ ላይ የሚታጠቁት ቆልማማ ጩቤ፣ ጉልላት የለውም ማለት ይቻላል። እጀታው ከላይና ከታች ሰፍቶ መሐሉ እንደ ወገብ ይጠብባል። ለዓይን የሚስብ ቅርጽ ነው፣ ለእኛም አካባቢ እንግዳ አይደለም። ችግሩ አያያዙ ላይ ነው። የሚመቸው ስለቱ ከጡጫ በታች ሲሆን፣ ወደ ታች ሲያዝ ነው። እንደ ወጥ ቤት ቢላዋ ወደ ፊት ስትይዙት የላይኛው ስፋት አመልካች ጣትን ይገፋል።

የጥንቱ ምርጥ እጀታ የአውራሪስ ቀንድ ነበር። በዚህ ምክንያት ብዙ አውራሪስ አልቋል። የመን ራሷ በ1982 ቀንዱ እንዳይገባ ከለከለች። ማንም ሰው «የድሮ ነው» ብሎ የአውራሪስ ቀንድ ወይም የዝሆን ጥርስ ቢያቀርብላችሁ አትንኩት። ወንጀል ነው፣ ከዚያም በላይ እዚሁ ጎረቤታችን ባቢሌ ዝሆኖች አሉ። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 ስድስት ቶን ከሚበልጥ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ ያቃጠለችው ማንም እንዳይነግድበት ነው። የዚያን ዓይነት ነጭ እጀታ ለሚፈልግ የግመል አጥንት አለለት፣ እመጣበታለሁ።

የእኛው፦ ጊሌ፣ ቢላዌ፣ ጎራዴ

እዚህ ላይ ቆይ ልበል፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሮማና የቫይኪንግ ፎቶ ይዞ ሲመጣ ደጁ ላይ ያለውን አያይም።

የአፋሩ ጊሌ ወገብ ላይ ከፊት አግድም የሚታሰር፣ ሁለት አፍ ያለው ቆልማማ ስለት ነው። ለአፋር ሰው ጌጥ ብቻ አይደለም፣ የወንድነትና የማንነት ምልክት ነው። ስለዚህ ቅርጹን ስትወስዱ በክብር ውሰዱት። የሶማሌው ቢላዌ ስሙ ከእኛ ቢላዋ ጋር አንድ ነው። እጀታው ብዙ ጊዜ ቀንድ ሲሆን ጫፉ ላይ ወደ ላይ የወጡ ሹል ጉብታዎች አሉት። የደጋው ጎራዴና ሾተል ደግሞ የቀንድ እጀታ አላቸው፣ አንዳንዱ ጫፉ ላይ የብር ወይም የነሐስ ክዳን፣ እንዲያም ሲል ሳንቲም ተደርጎበታል።

ያ ሳንቲም በጣም ያስገርመኛል። ጠገራ ብር፣ ማለትም ማርያ ቴሬዛ፣ 28 ግራም ነው፣ ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ቀደም ሲል ለእኔ ቢላዋ 20 ግራም ከኋላ ይበቃዋል ብዬ የለ? ጠፍጣፋ ክዳን ክብደቱን ሳያበዛ የሚፈለገውን ያህል ይሰጣል፣ እጅንም ይይዛል፣ ጅራቱም በመሐሉ አልፎ ሊቀጠቀጥበት ይችላል። በሦስቱም መለኪያ ያለፈው እሱ ነው። በነሐስ ልሥራው ብትሉ 30 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ ወደ 18 ግራም ይመዝናል። ለ15 ሴንቲ ሜትር ስለት ከዚህ የተሻለ ጉልላት አላገኘሁም።

እውነተኛ ጠገራ ብር ካላችሁ ግን አትብሱት። ሁሉም ላይ ማለት ይቻላል 1780 ተብሎ ስለተጻፈ ዕድሜው በዓመተ ምሕረቱ አይታወቅም፣ አያታችሁ ካስቀመጡት የቤተሰብ ቅርስ ነው። አንጥረኛ ዘንድ ሳይበሳ ዙሪያውን በብር ማቀፍ ይቻላል። ገበያ ላይ አስመስሎ የተሠራም አለ፣ ስትገዙ መዝኑት።

የቢላዌውን ሹል ጉብታ ግን ለሥራ ቢላዋ አልመርጥም። ኪስና ፎጣ ይይዛል፣ ሆድ ይወጋል። ጫፉን አክብቦ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፣ ያኔ ቅርጹ ይታወቃል፣ ጉዳቱ ይቀራል።

በአንድ ዓይን ለማየት

| ቅርጽ | የሚመቸው ለምን ነው | ሚዛን | ቅባት በነካ እጅ | ማጠብ | ለመሥራት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| የሮማ ኳስ (እንጨት፣ አጥንት) | ሥጋ፣ ወጥ ቤት | ጥሩ | በጣም ይይዛል | ቀላል፣ የጣት ጉድጓድ ካለው መካከለኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ |
| የሮማ ኳስ (ነሐስ) | ስለቱ ከ30 ሴ.ሜ. ለሚበልጥ | ለአጭር ቢላዋ መጥፎ | ይይዛል | ቀላል | ቶርኖ ይፈልጋል | ከፍተኛ |
| ባለ ሦስት ጉብታ | የውጭ ሥራ | ዝቅ ካለ ጥሩ | ይይዛል | ጉብታው መሐል ቆሻሻ ይገባል | ከባድ | መካከለኛ |
| የፈርዖን | ሠርግ፣ ግድግዳ | አይታሰብበት | ያዳልጣል | ባይታጠብ ይሻላል | አንጥረኛ ይፈልጋል | በጣም ከፍተኛ |
| ባለ ወገብ (ጃምቢያ) | ጌጥ | ጥሩ | ወደ ታች ሲያዝ ብቻ | ቀላል | መካከለኛ | መካከለኛ |
| ጠፍጣፋ ክዳን (ጎራዴ) | ለሁሉም ማለት ይቻላል | በጣም ጥሩ | ይይዛል | ቀላል | ቀላል | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |

ከምን ይሠራ?

እንጨት ከሆነ ወይራ። ብዙ አልፈላሰፍም። ጠንካራ ነው፣ ከባድ ነው፣ መልኩ ያምራል፣ ሽታውም ደስ ይላል። ዋንዛ ለቤት ዕቃ ግሩም ነው፣ ለእጀታ ግን ይለሰልሳል፣ ሪቬቱ ዙሪያ ቶሎ ይሰፋል። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። ጥድ ይሸታል፣ ደስ ይላል፣ ግን በጥፍር እንኳ ይጫራል። ዞጲ፣ ያንን ጥቁር ጠንካራ እንጨት ካገኛችሁ ከወይራም ይበልጣል፣ ሞረዳችሁን ግን ይበላዋል። እርጥብ እንጨት አትቀበሉ። ወራት የደረቀ ይሁን፣ ጫፍና ጫፉ በቀለም ወይም በሰም ተደፍኖ የደረቀ ከሆነ ደግሞ ስንጥቅ ያንስበታል።

እጀታው ካለቀ በኋላ የተልባ ዘይት አጠጡት፣ በየቀኑ ስስ ስስ እያደረጋችሁ። የምግብ ዘይት አይሆንም፣ እሱ አይደርቅም፣ ይጣበቃል፣ ይሸታል። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ደግሞ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሊነድ ይችላል። ቀልድ አይደለም፣ በተለይ በድሬ ሙቀት። ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

የበሬ ቀንድ ውበቱ ሌላ ነው፣ ሲወለወል ብርሃን ያስተላልፋል። ዋንጫ የሚሠሩ ሰዎች እጁን ያውቁበታል። ግን ሦስት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ ድፍኑ ጫፉ ብቻ ነው፣ ሌላው ባዶ ነው፣ ስለዚህ ከአንድ ቀንድ አንድ ጉልላት ብታገኙ ነው። ጎን ለጎን የሚለጠፈው ሳህን በፈላ ውሃ ለስልሶ ተጭኖ ነው የሚቃናው፣ ሲደርቅ ደግሞ ወደ ቀድሞው መመለስ ይወዳል። ሁለተኛ፣ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሦስተኛ፣ ነቀዝ ይበላዋል፣ መሳቢያ ውስጥ ሲከርም ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በየጊዜው ዘይት ማስነካትና ማየት ይፈልጋል። ለትንሽ ጉልላት ምርጥ ነው፣ ለሙሉ እጀታ ድሬ ላይ እፈራዋለሁ።

የግመል አጥንት እዚህ አገር በቀላሉ ይገኛል፣ በነጻ የሚሰጥ ሥጋ ቤትም አለ። የቅልጥሙ ግድግዳ ከበሬ ይወፍራል፣ ጥሩ ጠፍጣፋ ቁራጭ ይወጣዋል። መቅኑን አውጥታችሁ በሳሙና ውሃ ለስለስ ባለ እሳት ላይ አቆዩት፣ ቅባቱ ይውጣ። ኃይለኛ ፍላት አጥንቱን ያዳክመዋል፣ ቅባቱን ወደ ውስጥ ይነዳዋል፣ በኋላ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ፋርማሲ የሚሸጠው 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያነጣዋል። ስትሞርዱ ማስክ ልበሱ። የአጥንትም የቀንድም ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው።

ነሐስ የሚገኘው ከቁርጥራጭ ነጋዴ ነው፣ በአብዛኛው አሮጌ የቧንቧ ዕቃ። ያ ቢጫ ብረት እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፣ ስለዚህ ብናኙን አታንፍሱት፣ ምግብ የሚነካ ቦታም አይሁን። ቤት ውስጥ አቅልጬ ላፍስስ የምትሉ ካላችሁ ተዉት። ውስጡ ያለው ዚንክ ከ900 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል ይተናል፣ ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዛል። ከዘንግ ላይ አስቆርጦ በሞረድ ማስተካከል ይሻላል። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ የድስት ፋብሪካ ቁርጥራጭ ሞልቷል፣ ግን ክብደቱ የነሐስ ሲሶ አይሆንም፣ ላብ ሲነካውም ይጠቁራል።

አያያዙ

ብዙ እጀታ የሚበላሸው እዚህ ነው። በገበያ የሚሸጠው ቢላዋ ብዙው አጭር ጅራት ነው፣ ብረቱ ግሎ እንጨቱ ውስጥ ይቸከላል። እንጨቱ ውስጡ ስለሚከስል ከጊዜ በኋላ ይላላል። ጉልላት ለሚያደርግ ሰው ይሄ አይሆንም፣ ጉልላቱ የሚይዘው ነገር የለውም።

ለሥጋና ለወጥ ቤት ጅራቱ እስከ እጀታው መጨረሻ ሙሉ ስፋቱን ይዞ ቢሄድና እንጨቱ በሁለት ጎን በሪቬት ቢመታ ይመረጣል። ጠንካራ ነው፣ ቢሰበርም አንዱን ጎን ብቻ ትቀይራላችሁ። ጉልላቱ ያኔ ከእንጨቱ ጋር አብሮ ይቀረጻል።

የጥንቱ መንገድ ግን ጅራቱ ቀጥኖ እጀታውንና ጉልላቱን በስቶ አልፎ ጫፉ እንደ ምስማር ራስ መቀጥቀጡ ነው። ሁሉንም አንድ ላይ ቆልፎ ይይዛል፣ ሙጫ ባይኖርም ይሠራል። ቀጥቃጩን አስቀድማችሁ «ጅራቱን ውሃ አታስጠጣው» በሉት። ውሃ ማስጠጣት ማለት የጋለውን ብረት ነክሮ ማጠንከር ነው፣ ስለቱ ብቻ ነው ውሃ የሚጠጣው፣ ጅራቱ ከጠነከረ ስትቀጠቅጡት ይሰነጠቃል። ይህን የነገሩኝ ያው ሐረር ያሉት ሽማግሌ ቀጥቃጭ ናቸው። «ልጄ፣ ስለት ይኩራ፣ ጅራት ይታዘዝ» አሉኝ። ማን እንደጻፈው የማላውቀው መጽሐፍ ላይ ከማነብ እሳቸው አፍ መስማቱ ይበልጥብኛል።

መቀጥቀጥ ከከበዳችሁ ጫፉ ላይ የ6 ሚሊ ሜትር የብሎን ጥርስ አስወጡና በዳዶ እሰሩት። ሙጫውን በተመለከተ፣ ኤፖክሲ ተጠቀሙ፣ ግን በአምስት ደቂቃ የሚደርቀውን ሳይሆን ቀስ ብሎ የሚደርቀውን። ፈጣኑ ሙቀትና ውሃ አይችልም። ድሬ ላይ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ ቢላዋ ትቼ ስመለስ ጉልላቱ በጣቴ ሲዞር አይቻለሁ።

ለማን የቱ?

ለቤት የሥጋ ቢላዋ፣ ገንዘብ ለሚቆጥብ ሰው፦ የወይራ እጀታ፣ ሙሉ ጅራት፣ በነሐስ ወይም በብረት ሪቬት፣ ጫፉ በሮማ ኳስ አምሳል ትንሽ አብጦ። ከገንዘብ ይልቅ ጊዜ ነው የሚፈልገው። ሁለት ቅዳሜና እሁድ በቂ ነው፣ ሞረድ፣ ሞርሳና ብርጭቆ ወረቀት ካለ።

ትንሽ ከፍ ላለ አቅም፦ ወይራ፣ ያለፈ ጅራት፣ የነሐስ ጠፍጣፋ ክዳን። እኔ ዛሬ ለራሴ የማደርገው ይሄንን ነው። ቁርጥ ቤት ያላችሁ ሰዎችም ደንበኛ ፊት የምታቀርቡት ቢላዋ እንዲህ ቢሆን ያምርባችኋል።

ለሠርግና ለስጦታ፦ የግመል አጥንት እጀታ፣ የብር ክዳን፣ ወይም አቅም ከፈቀደ የፈርዖኑ ዓይነት ባለ ድንጋይ። የጣት ጉድጓድ አይደረግበት። ሁለት አፍ ያለው ከሆነ ከአፎቱ ጋር ጠቅልላችሁ ዕቃ መሐል አድርጋችሁ ላኩት፣ መናኸሪያ ፍተሻ ላይ ወገባችሁ ላይ ቢገኝ ጣጣ ነው።

ለገጠር ሥራና ለጉዞ፦ ባለ ሦስት ጉብታ፣ ዝቅ ያለ፣ ከወይራ። ገመድ ማሰሪያ ቀዳዳ ይኑረው። ነሐስ አያስፈልገውም።

ቤት ለሚያስጌጥና ቅርስ ለሚወድ፦ የጊሌውን ወይም የጎራዴውን መልክ ከባለቤቶቹ አሠሩ። አፋርም ሶማሌም የሚያውቅ ባለእጅ አለ፣ ከፎቶ ከሚገለብጥ ሰው የእነሱ ይሻላል፣ ገንዘቡም እዚያው ይግባ።

ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። አንድ ድፍን የልብስ ሳሙና ግዙና የፈለጋችሁትን ጉልላት በትንሽ ቢላዋ ቅረጹበት። አንድ ሰዓት አይፈጅም። ከዚያ በደረቅ እጅ ጨብጡት፣ የምትቆርጡ መስላችሁ አሥር ደቂቃ አንቀሳቅሱት፣ መዳፋችሁ ላይ የቀላውን ቦታ እዩና እዚያው ላይ ፋቁት። መዳፋችሁ መቅላቱን ሲተው ሳሙናውን በፌስታል ጠቅልላችሁ ለቀጥቃጩ ውሰዱለት።